‹‹ለበጎ ነው›› ከማለታችን በፊት

ዛሬ ፖለቲካም ኳስም አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ አንዲት አጭር አባባል ነው፤ ‹‹ለበጎ ነው›› ስለምትባለዋ። ታክሲ ሲያመልጠን ለበጎ ነው። የጠበቅነው ሥራ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ለበጎ ነው። እጮኛችን ጥሎን ሲሄድማ… እሱ እንኳ እውነትም ለበጎ ሊሆን ይችላል።

እኛ ስንል ሦስት እህትማማቾችን ከነእናታችን ማለታችን ነው። ጋዜጠኝነት የተማረችው አንዷ ብቻ ስለሆነች ብዕሩ ለእሷ ተሰጥቷል። በ2014 ዓ.ም. ስትመረቅ አባታችን ጋዋኗን ራሱ ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ ነበር። በዓመቱ እግሩ አበጠ። ‹‹ጫማው ጠበበኝ›› አለን። ሐኪሙ ግን ችግሩ ጫማው አይደለም አለ፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ነበር።

የኩላሊት እጥበትን የደረሰበት ያውቀዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር መታሰር ነው። ትርፉን የሚያስወጣ ኩላሊት ስለሌለ የሚጠጣው ውኃ እንኳ በልክ ነው። እናታችን በቡና ሲኒ እየሰፈረች ትሰጠው ነበር፤ ስትሰፍር ፊቷን ታዞራለች። ጠበል ወሰድነው፤ ተጠመቀ፤ ከመጠጡ ግን አንድ ጉንጭ ብቻ! ወርቋ ተሸጠ፤ ቀጥሎ ፍሪጁ፣ ቀጥሎም ብድር መጣ። ‹‹ኩላሊቱን እኔ ልስጥ፣ እኔ ልስጥ›› እያልን ሦስታችን ስንጨቃጨቅ ሰማንና ‹‹የልጄን ኩላሊት ይዤ አልኖርም›› አለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንሣት አልተቻለም።

ታዲያ በነዚያ ወራት ያልተነገረን ምክንያት የለም። አንዱ ‹‹ፈተና ነው፤ ታልፉታላችሁ›› ይለናል። ሌላዋ ‹‹እግዚአብሔር ዓላማ አለው፤ ትልቅ ምስክርነት ይሆናል›› ትለናለች። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹ለመሆኑ ቤታችሁ ውስጥ ንስሐ ያልገባ አለ?›› ብሎ ጠይቆናል። ሁሉም የሚወዱን ሰዎች ናቸው። ደግሞም እኛ ራሳችን ስንት ሰው ቤት ሄደን እንዲሁ ብለናል!

ግን ክፍል ውስጥ የተማርናት አንዲት ነገር አለች። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች ሮጦ ጠይቆ ይመለሳሉ፤ ‹‹ለምን›› ግን ምንጭ ካልተገኘለት አይጻፍም። ሰው የጎረቤቱን ደመወዝ እንኳ ‹‹ይመስለኛል›› ብሎ ያወራል፤ የእግዚአብሔርን ሐሳብ ሲናገር ግን አንዳች አይጠራጠርም።

መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥን። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ሦስት ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ምናልባት በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሁሉ መልካሙ እሱ ነው። ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው የተበላሸው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ እንጂ በሚያማርረው ኢዮብ አይደለም። ዮሴፍንም ተመልከቱት። በ17 ዓመቱ ተሸጠ፤ በ30 ዓመቱ ፈርዖን ፊት ቆመ። የወንድሞቹን ክፋት እግዚአብሔር ወደ መልካም እንደለወጠው የተናገረው ራሱ ነው፤ ያውም ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ለእነዚያው ወንድሞቹ። ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ማንም ከላይ ጎንበስ ብሎ ‹‹ለበጎ ነው›› አላለውም። ቢለው ኖሮ ምን ይሰማው ነበር?

አባታችን ጥር 2016 ዓ.ም. ዐረፈ።

እድሩ ድንኳን ጣለ፤ ንፍሮው መጣ። ያን ጊዜ ነው አማርኛችን ከእኛ የበለጠ አስተዋይ መሆኑን የተረዳነው። ለቅሶ ቤት የምንለው ‹‹እግዚአብሔር ያጽናችሁ›› ነው። ምክንያት የለበትም፤ ማብራሪያ የለበትም፤ ጸሎት ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ከዚያች ቃል ሌላ ሳትተነፍስ ገብታ ለቀናት ሲኒ ስታጥብ ሰነበተች። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ንግግር የምናስታውሰው የእሷን ዝምታ ነው።

ከአርባው በኋላ፣ በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት፣ በመጻጉዕ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የዕለቱ ወንጌል ለ38 ዓመት ታሞ መጠመቂያው ዳር ስለተኛው ሰው ነው። ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው፣ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የመለሰለት። ስንወጣ እናታችን ዝም ብላ ትሄድ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆም አለችና ‹‹ያ ሰውዬ ማክሰኞ ብቻውን ነው›› አለችን።

የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ከገጠር መጥቶ ጓዳ ተከራይቶ፣ ከአባታችን አጠገብ ባለው አልጋ የሚታጠብ ነበር፤ አስታማሚ የለውም። እጥበቱ ሲያልቅ ግፊት ይወርዳል፤ ዓይን ይጨልማል፤ ደግፎ እስከ ታክሲ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። እናታችን በማክሰኞው ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ለተደረደሩት አስታማሚዎች ቡና በፔርሙዝ ይዛ፣ ለእሱ ደግሞ ክንዷን ይዛ። እስከ ዛሬም ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄዳለች፤ እኛም በየተራ እንከተላታለን።

ልብ በሉልን፤ ‹‹አባታችን የታመመው ለዚህ ነው›› እያልን አይደለም። ያንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ምንጭ የለንም፤ ቢኖረንም እጃችን አይታዘዝልንም። ‹‹ለምን?›› ብለን ማታ ማታ እንጠይቃለን፤ ለእግዚአብሔር ነግረነዋል፤ አንዳንዴም ተቆጥተን ነው የምንነግረው። ኢዮብን የታገሠ እኛንም ይታገሠናል ብለን እናምናለን። ግን በዚያ ኮሪደር ዓላማውን ከኋላችን ስንፈልግ ከፊታችን የቆመ ይመስለናል። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ ማን ብቻውን እንደሆነ ግን አሳይቶናል።

እንግዲህ የታመመ ጓደኛ ካላችሁ ‹‹ለበጎ ነው›› የምትለዋን ለእሱ ተዉለት። አንድ ቀን ራሱ ሊላት ይችላል፤ ላይላትም ይችላል። እናንተ እስከዚያው ፔርሙዙን ያዙለት።

ቸር ይግጠመን!