በ27ኛው ቀን

አገር መመሥረት የአምስት ደቂቃ ሥራ የሆነበት አንድ ቦታ አውቃለሁ። ስም ይወጣላታል፣ ባንዲራ ይመረጥላታል፣ የመገበያያ ገንዘቧና ብሔራዊ እንስሳዋ ይሰየማል፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቧ በራሱ ጊዜ መብዛት ይጀምራል። ጨዋታው «ኔሽንስቴትስ» ይባላል። አውስትራሊያዊው ደራሲ ማክስ ባሪ «ጄኒፈር ገቨርመንት» የተሰኘ ልብ ወለዱን ለማስተዋወቅ ሲል እ.ኤ.አ. በ2002 በኢንተርኔት ላይ የከፈተው ነው። መጽሐፉ የመጽሐፍ ዕድሜውን ኖሮ ወደ መደርደሪያው ገባ፤ ማስታወቂያው ግን ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ዘልቆ ዛሬም አለ። ለደራሲ ይህ ዕድል ይሁን መርገም አንባቢ ይፍረድ።

እኔ «ብራና» የምትባለውን አገሬን የቆረቆርሁት በ2004 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ገንዘቧን አሞሌ፣ እንስሳዋን ዋልያ አልሁ። ጨዋታው በየዕለቱ የመንግሥት ጉዳይ ያቀርባል፤ ግብር ይጨመር ወይስ ይቀነስ፣ ጋዜጣ ይታገድ ወይስ ይለቀቅ። መሪው ከቀረቡለት አማራጮች አንዱን ይመርጣል፣ ወይም ጉዳዩን እንዳለ ይጥለዋል፤ ውጤቱም በአገሪቱ ኢኮኖሚና በዜጎቿ ነጻነት ላይ ወዲያው ይታያል።

እስከዚህ ድረስ የአንድ ሰው ጨዋታ ነው። ምርጫ የሚመጣው አገሮች በሚሰባሰቡበት ቀጣና ላይ ነው። («ክልል» ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ የተሸከመው ብዙ ስለሆነ ለጨዋታ ላውሰው አልወደድሁም።) በአንድ ቀጣና ካሉት አገሮች የ«ዓለም ሸንጎ» አባል የሆኑት እርስ በርስ ድጋፍ ይሰጣጣሉ፤ ብዙ ድጋፍ ያገኘው የቀጣናው እንደራሴ ይሆናል። ይህ ሸንጎ ቀድሞ ስሙ «የተባበሩት መንግሥታት» ነበር፤ እውነተኛው ድርጅት ስማችን አይነካብን ብሎ በደብዳቤ ስላስጠነቀቀ እ.ኤ.አ. በ2008 ተቀየረ። ጦርነት የሚያስጨንቀው ድርጅት ለጨዋታ ጉባኤ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ማግኘቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ያም ሆነ ይህ፣ ድጋፍ ለመስጠት አንድ ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ሰልፍ የለም፣ ጣት ላይ የሚቀባ ቀለም የለም፣ መታወቂያ የለም።

ሌላም ሕግ አለ። 28 ቀን ሙሉ ባለቤቷ ያልጎበኛት አገር ከነሕዝቧ፣ ከነባንዲራዋ ትጠፋለች። ዕረፍት ላይ ነኝ ብሎ ያስመዘገበ እስከ 60 ቀን ይታገሠዋል። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ እዚያ ግን ዝምታ የሚነቅዝበት ቀን ተቆርጦለታል።

በቀጣናችን ይህ ዕጣ በ2006 ዓ.ም. የደረሰው ለመሥራቹ ነበር። መግባት ካቆመ በ28ኛው ቀን አገሩ ከመዝገብ ተፋቀች። በጊዜው በነበረው ሕግ መሥራች የሌለው ቀጣና በር እንደሌለው ቤት ነው። ሥልጣኑ በእንደራሴው እጅ ይወድቃል፤ የእንደራሴው ድጋፍ ጥቂት ከሆነ ደግሞ፣ ወራሪ ተብለው የሚታወቁ ተጫዋቾች ተሰባስበው በአንድ ጊዜ ይገባሉ፣ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ ወንበሩንም ይይዛሉ። እኛ 38 አገሮች ነበርን። የሸንጎው አባላት 13 ብቻ ነን። እንደራሴው በ4 ድጋፍ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱም ደክሞኛልና ተኩኝ አለ።

ሁለት ሰዎች ተወዳደርን። ተቀናቃኜ ፊንላንዳዊ ነኝ የሚል ተማሪ ነበር፤ የጨዋታውን ሕግ ከእኔ ይልቅ አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ቢያሸንፍ ባልከፋኝ። አንዳችን ሌላችንን አልፈራንም። የፈራነው የቀሩትን 11 ሰዎች ዝምታ ነው።

የምረጡኝ ዘመቻው የሚካሄደው በ«ቴሌግራም» ነበር። ዛሬ በየኪሳችን ያለው አይደለም፤ ጨዋታው ለራሱ ደብዳቤ ያወጣው ስም ነው። ያን ጊዜ በአንድ ባንክ አዲስ ተቀጥሬ ነበርና ቀን በመስኮት ቁጭ ብዬ ብር እቆጥራለሁ፤ ማታ እጄ ላይ ያለውን የብር ሽታ ታጥቤ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ወራሪዎች አደጋ፣ ስለ ቀጣናው የወደፊት ዕድል የሚያትት ሦስት አንቀጽ ነበር። ለ11ዱም ላክሁ። ሁለት ሰዎች መለሱ፤ አንዱ አመሰገነ፣ ሌላው ከእንግዲህ እንዳልጽፍለት ለመነኝ። ያገኘሁት ድጋፍ 1 ነው።

ግጥም ጽፎ በአዳራሽ ለሚያነብ ሰው እንዲህ ያለው ዝምታ እንግዳ አይደለም። በግጥም ምሽት ላይ ግን ቢያንስ ባዶው ወንበር ይታያል። እዚህ የሚታየው ሌላ ነገር ነበር፦ እያንዳንዱ አገር ለመጨረሻ ጊዜ የተጎበኘበት ጊዜ በገጹ ላይ ይጻፋል። ከ11ዱ 9ኙ በዚያው ሳምንት ገብተዋል። አልሞቱም፣ አልሄዱም። ግብራቸውን እየቀነሱ፣ ጋዜጣቸውን እየለቀቁ፣ በደብዳቤዬ አጠገብ አልፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። መራጭ ጠፋ ስንል ሰው የሌለ ይመስለን ነበር እንጂ ሰውማ አለ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ምርጫውን ሳላነሣ ጻፍሁት። እያንዳንዱን ስለ ብሔራዊ እንስሳው ጠየቅሁ፤ ለምን ይህን መረጥህ፣ ለምን ይህን መረጥሽ ብዬ። ዘጠኝ ሰዎች መለሱልኝ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ገጽ ሙሉ። አንድ እግሯ አጭር የሆነች ፍየል በባንዲራው ላይ ያኖረ ሰው፣ ፍየሊቱ የአያቱ እንደነበረች፣ ከመንጋው ኋላ እየቀረች ከሁሉም በፊት ቤት የምትገባበትን አቋራጭ እንደምታውቅ ተረከልኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዘጠኙ ሦስቱ በዚያው ሳምንት ድጋፍ ሰጡኝ፤ ባለ ፍየሉ ከእነርሱ አንዱ አልነበረም።

ብዙ ባሰብሁ ቁጥር የሚገርመኝ ይህ ነው። ጨዋታው እያንዳንዱን ተጫዋች በቤቱ ንጉሠ ነገሥት ያደርገዋል፤ ጠዋት ተነሥቶ ያሻውን ይደነግጋል፣ ተቃዋሚ የለበትም። ያን ካደረገ በኋላ ወጥቶ አንድ ድምፅ እንዲሰጥ ይጠይቀዋል። ሁሉም ንጉሥ በሆነበት አገር መራጩ ከወዴት ይምጣ? የእኛ ዘመነ መሳፍንትስ ከዚህ በምን ይለያል? እያንዳንዱ መስፍን በግዛቱ ጌታ ነበር፤ ጎንደር ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ መሳፍንቱ እንዳሻቸው ይሾሙት ይሽሩት ነበር፣ ማንም ግን አልሰማውም። ዙፋኑ በጠላት ብዛት ሳይሆን በባለቤት እጦት ሲያረጅ ኖረ።

ከመላሾቹ አንዱ ሌሊት የሚሠራ ሰው ነበር። ሥራውን አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም። እንስሳው የሌሊት ወፍ ነው። ወደ አገሩ የሚገባው በየ27 ቀኑ እንደሆነ፣ ያም እንዳትጠፋ ብቻ መሆኑን ጻፈልኝ። አንድ ጉዳይ ይወስናል፣ የሕዝቡን ቁጥር ያያል፣ ይወጣል። ሸንጎ አባል የሆነው ድሮ ነው፤ ድጋፍ መስጠት ግን የሚኖሩበት ሰዎች ሥራ ስለሚመስለው አይነካውም። ደብዳቤው ቁጣም ንቀትም የለበትም። የተከራየው ቤት የሰፈር ስብሰባ እንደማይመለከተው ሰው ነበር የሚናገረው።

እኔ ይህን ሰው ከሥራ ቦታዬ አውቀዋለሁ። ለረጅም ጊዜ ገቢም ወጪም ያልተደረገበትን ሂሳብ እኛ ባንከኞች «ዶርማንት» እንለዋለን፤ የተኛ ሂሳብ ማለት ነው። በመስኮቴ ፊት በዓመት አንዴ፣ ከመስቀል በኋላ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። 50 ብር ያስገባሉ፣ ደብተራቸውን ያሳትማሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ ገንዘቡን ለምን አያወጡትም? ይጠቅምዎት የለም ወይ?» አልኋቸው። «ልጄ፣ ስሜ እዚህ እንዲኖር ብዬ ነው» አሉኝ። አለቃዬ ለዓመታዊ ሪፖርት የተኙትን ሂሳቦች ቁጥር ሲጠይቀኝ፣ የእርሳቸውን ከነቁት መካከል እቆጥረዋለሁ፤ ሕጉም እንዲያ ይፈቅዳል።

የጨዋታው ፈጣሪ የመጣው ድምፅ አለመስጠት ከሚያስቀጣበት አገር ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1922 በተካሄደው ብሔራዊ ምርጫ ከተመዘገቡት መራጮች የመረጡት 60 በመቶ እንኳ አልሞሉም ነበር፤ በ1924 የግዴታ ሕግ ወጣ፤ በ1925 ቁጥሩ ከ91 በመቶ በላይ ሆነ። በብሔራዊ ምርጫ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው የሚቀጣው 20 የአገሩን ዶላር ነው። የእኛ እድርም ይህን ጥበብ ሳይማር ያውቀዋል። እናቴ ባለችበት እድር ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፤ ሁሉም ይመጣል፣ ግማሹ እዚያው ያንቀላፋል። ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል ተብሎ ቃለ ጉባኤው ይያዛል። ቅጣት ሰውን ከቤቱ ያወጣዋል፤ ከእንቅልፉ ማውጣቱን ግን እጠራጠራለሁ።

ይህን የምለው ሌላ ሰልፍ ስላየሁ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ረፋድ ላይ ዳቦና ውኃ ይዤላት ስሄድ የሰልፉን ጫፍ ማየት አልቻልሁም። በእድር ቅጣት የማይነቃነቁት ጎረቤታችን ጋሽዬ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ስም የሚጠራ ጸሐፊ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋልና አልገባበትም። ብቻ የዚያን ቀን ወረቀት ከባድ ነበር፤ ሰው የሚሸከመው ነገር እንዳለው ሁሉ ቀስ ብሎ ይራመድ ነበር። የእኛ ቀጣና ቁልፍ ምንም አይመዝንም። ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይጫነዋል ብሎ ማሰብ የምርጫ አዘጋጆች የቆየ ተስፋ ነው፤ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው።

በ6 ድጋፍ አሸነፍሁ። ፊንላንዳዊው በዕለቱ የራሱን ጨመረልኝና 7 ሆነ።

ወራሪዎቹ የመጡት በጥር 2007 ዓ.ም. ነው። ጨዋታው በቀን ሁለት ጊዜ ድጋፎችን ቆጥሮ እንደራሴዎችን ያጸድቃል፤ አንደኛው ቆጠራ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል፤ ያ በእኛ በጥር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የባንኩ በር ሲከፈት። እኔ የመጀመሪያውን ደንበኛ ሳስተናግድ 11 አገሮች በአንድ ትንፋሽ ገቡ፤ መሪያቸው 10 ድጋፍ ነበረው። በምሳ ሰዓት ስልኬን ስከፍት የቀጣናችን ባንዲራ ተለውጧል፣ መግቢያው ላይ የድል መፈክር ተሰቅሏል። ማንንም ግን አላባረሩም።

በዚያች ሰዓት፣ ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ለዝምተኞቹ ሁሉ ጻፍሁ። ዘመቻ አልነበረም፤ «ቤታችን ተይዟል» የሚል አንድ መስመር ነው። እስከ ማታ ሦስት ሰዎች ድጋፍ ሰጡ። ባለ ፍየሉ መጀመሪያ ደረሰ፤ አቋራጩን እርሱም ሳያውቀው አልቀረም። 10 ለ10 ሆንን፤ እኩል ሲሆን ደግሞ ወንበሩ የያዘው ነው። የቀሩን ሁለት አባላት ነበሩ። አንዷ ወሯን ሙሉ አልገባችም። ሌላው ባለ ሌሊት ወፉ ነው፤ ገጹን ከፈትሁ፣ የመጨረሻ ጉብኝቱ ከ11 ቀን በፊት ነበር። ሊመጣ 16 ቀን ይቀረዋል። አድራሻ የለኝ፣ ስም የለኝ። ከአንድ ሰው ጋር በዚያን ያህል ጥብቅ ሁኔታ ተሳስሬ፣ እርሱ ግን በየትኛው የዓለም ጫፍ ሌሊቱን እንደሚያሳልፍ ሳላውቅ የቀረሁበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በሦስተኛው ቀን ወራሪዎቹ ሰለቻቸውና ወጡ። መፈክሩን አውርጄ ባንዲራችንን መለስሁ፤ ከሰልፈኞቹ ሁለቱ ተመልሰው ዝም አሉ።

ባለ ሌሊት ወፉ በቀኑ መጣ። ሁሉም ነገር ትቶት እንደሄደ ነበርና ያየው የተለየ ነገር የለም። አንድ ጉዳይ ወሰነ፤ ለትምህርት ቤቶች የሚመደበውን ገንዘብ ከፍ አደረገ መሰለኝ። ከመውጣቱ በፊት አጭር ቴሌግራም ላከልኝ፤ አዲስ ነገር አለ ወይ፣ ዋልያዎችህስ እንዴት ከረሙ ይላል። መልእክቱን ያገኘሁት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ስለ ወረራው ጽፌ ነበር፤ ከመላኬ በፊት አጠፋሁትና ዋልያዎቹ ደኅና መሆናቸውን፣ አንዷም እንደወለደች ነገርሁት።