ስኳር በማንኪያ፣ ስኳር በደም ሥር

በልጅነታችን ጊንጪ ላይ ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን ካለበት ቤት ልጅ አይገባም ነበር። እኔ ግን አያቴን፣ አኮዬን፣ ተከትዬ ገብቻለሁ። ሕፃኑ በጥጥ ተጠቅልሎ ከእናቱ ጡት መሃል ተሸጉጧል። መጥባት ስለማይችል የተበጠበጠ ስኳር በማንኪያ ጫፍ ጠብ ይደረግለታል፤ አንዳንዴም ለጋ ቅቤ ያልሱታል። ብዙዎቹ ስም ሳይወጣላቸው ይቀበሩ ነበር።

ዛሬ ጊንጪ ባለችበት በደንዲ ወረዳ አንዲት እናት ምጥ ቀድሞ ቢመጣባት ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። ሕፃኑ ሙቀት ክፍል ይገባል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለታል። ነርሷ የቅቤውን ነገር ስትሰማ አያቲቱን ትቆጣለች፤ በዚህ እኔም ከነርሷ ጋር ነኝ። የጡቱ መሃል ግን ትክክል ነበር። እነ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ አዲስ አበባ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ ቶሎ ከእናት ገላ ጋር ከተያያዙት ትንንሽ ሕፃናት 22.5 በመቶው ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶው ሞተዋል። አሁን «ካንጋሮ» ተብሎ ሥልጠና ይሰጥበታል፤ አበል ሳይኖረውም አይቀር።

ወደተሰቀለው የግሉኮስ ከረጢት እንመለስ። የ10 በመቶው ግሉኮስ ሲጠፋ ከ5 በመቶው ስድስት እጅ፣ ከ40 በመቶው አንድ እጅ ተቀላቅሎ ይሠራል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን 60 ሚሊ ሊትር ቢወስድ 6 ግራም ስኳር አገኘ ማለት ነው። ጉበት ስኳር የሚያጠራቅመው በእርግዝናው መጨረሻ ላይ ነውና ያለ ወሩ የተወለደው ባዶ እጁን ነው የመጣው። ስኳሩ ካነሰ አንጎሉ ይጎዳል። ከበዛ ደግሞ ኢንሱሊኑ አይችለውም፣ ውኃው በሽንት ይሟጠጣል። ስለዚህ ተረከዙ እየተወጋ ይለካል። መለኪያው አለ፤ ስትሪፑ ሲያልቅ አባት በሌሊት ፋርማሲ ፍለጋ ይወጣል።

ልኩና ንጽህናው ነፍስ ያድናል፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ስኳር ብቻውን ሥጋ አይሆንም። ፕሮቲን ያላገኘ ሕፃን በየቀኑ በኪሎ 1 ግራም ያህል ፕሮቲን ከገዛ አካሉ ያጣል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ደግሞ አሚኖ አሲዱም ስቡም አይገኝም። ሐኪሞቹ ዊልሞርና ዱድሪክ ሕፃን ምግቡን ሁሉ በደም ሥር እየወሰደ ሊያድግ እንደሚችል አሜሪካ ላይ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ የጡረታ ወረቀቱን እየተከታተለ ነው።