በቀኝ እጅ

እሑድ እሑድ እናቴን ለመጠየቅ ከኮምቦልቻ ደሴ እወጣለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ልጄ ትወደዋለች። እኔን ግን በቅርቡ ያንን ዳገት ስጀምር ሆዴን ባር ባር ይለው ጀምሯል። ምክንያቱ እርሳስ ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግራኝ ናት። እንጀራውንስ በቀኟ መቁረስ ለምዳለች። ስትጽፍና ስትስል ግን እርሳሱ ግራ እጇ ውስጥ ነው። አንድ እሑድ እናቴ ቡና እያፈላች ይህን አየችና፣ ሳትቆጣ ሳትናገር፣ እርሳሱን ከግራ እጇ አውጥታ በቀኟ አስያዘቻት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ያንን የእናቴን እጅ ስለማውቀው ነው። እኔም ግራኝ ነበርኩ። (በወሎ ይህ ቃል የሠፈር ልጅ መቀለጃ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ያውቃል።) ግራ እጄ በነጠላ ቁራጭ ታስሮ የዋለባቸው ቀናት ነበሩ። አስተማሪዬ ደግሞ በነጠላ ሳይሆን በማስመሪያ ነበር የሚያርመኝ። ከጊዜ በኋላ ቀኝ ሆንኩ፤ ነገሩም ተረሳ።

ተረሳ ስል እንዲያው ነው። በወጣትነቴ ኮምቦልቻ ሥራ እንደያዝኩ ማታ ማታ የጠረጴዛ ቴኒስ እንጫወት ነበር። በቀኜ ነበር የምመታው፤ መጥፎም አልነበርኩም። ኳሷ በግራ በኩል ድንገት ስትመጣ ግን ግራ እጄ ሳላዘው ብድግ ይላል። ጓደኞቼ ይስቃሉ። አንድ ምሽት ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልሄድኩ። ለምን እንደተውኩት ሲጠይቁኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ።

ኪሚኮ ዳቴን ያየኋት በ2011 በሰኔ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ። የእንግሊዝ ሊግ ስለተዘጋ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን የሚቀይረውም የለም። ለንደን ዝናብ ይዘንባል፤ የዊምብልደን ዋናው ሜዳ ጣሪያው ተዘግቷል። በአንድ በኩል ዊምብልደንን አምስት ጊዜ ያሸነፈችው ቬነስ ዊሊያምስ ቆማለች። በሌላው በኩል አንዲት ቀጭን ጃፓናዊት፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63፣ ዕድሜዋ 40። ይቺን ሴትዮ ማን እዚህ አመጣት? አልኩ።

የመጀመሪያውን ክፍል 7 ለ 6 ወሰደችው። ሁለተኛውን 6 ለ 3 ተሸነፈች። በሦስተኛው 8 ለ 6 ወደቀች። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ጉልበት የላትም፤ ግን ኳሷ ከመሬት ነጥራ ገና ሳትነሣ ቀድማ ትደርስባትና የቬነስን ኃይል ለቬነስ ትመልስላታለች። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የተወለደችው ኪዮቶ፣ በ1970 ነው። በ1995 ከዓለም አራተኛ ደረጃ ላይ ወጣች፤ ከእሷ በፊት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የገባች ጃፓናዊት አልነበረችም። በሚያዝያ 1996 ቶኪዮ ላይ የዓለም አንደኛዋን ሽቴፊ ግራፍን በመጨረሻው ክፍል 12 ለ 10 ረታቻት። በዚያው ክረምት በዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ። ዳቴ ስድስት ጌም በተከታታይ አሸንፋ እኩል ስትሆን መሸ፤ ጨዋታው ላደረ። በማግሥቱ ግራፍ አሸነፈች። ጨለማው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ፤ ምን አገባኝ!

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በ26 ዓመቷ፣ ተወችው። ከአገር አገር መዞሩ አንገፍግፏት ነበር። ትዳር ያዘች፤ በ2004 የለንደንን ማራቶን ሮጠች። ከዚያም በ2008፣ በ37 ዓመቷ፣ ተመለሰች። በመስከረም 2009 ሴኡል ላይ ዋንጫ ስታነሣ 39 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ቀርቷት ነበር። በፕሮፌሽናል ቴኒስ በዚያ ዕድሜ የነጠላ ዋንጫ ያነሣች ከቢሊ ጂን ኪንግ በቀር አልነበረችም። በአምስተኛው ሳምንት የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች፤ ያ መኸር የእናቶችና የአክስቶቻችን እኩዮች መኸር ነበር። ዳቴ በመጨረሻ የተሰናበተችው በ2017፣ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ካየ በኋላ፣ ቶኪዮ ላይ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ተሸንፋ ነው። 46 ዓመቷ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ትንሽ ነገር ናት። ዳቴ ስትፈጠር ግራኝ ናት። በአገሯ ልማድ ግራ እጅ ስለማይወደድ በልጅነቷ ወደ ቀኝ አዞሯት፤ ያን ሁሉ ያደረገችው በቀኟ ነው። ሰው ሁሉ ለምን ተመለሰች ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ ሌሎች ባስያዟት እጅ፣ ሁለተኛውን በራሷ ፈቃድ የተጫወተች ይመስለኛል። ይህ የእኔ ሐሳብ እንጂ የእሷ ቃል አይደለም።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ቶናው ላይ ደርሰን ነበር። አንዲትም ቃል ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ስንተኛ ወጣች አልከኝ?»

«አራተኛ፣ ከዓለም።»

«በቀኟ?»

«በቀኟ።»

«ታዲያ ምን አጎደሉባት?»

መልስ አልነበረኝም። ቴኒሱን የተውኩበትን ምክንያት ልነግራት አሰብኩና አፌ ላይ ቀረ። በመጨረሻ «እማዬ፣ እኔን ስታስሪኝ አላሳዘንኩሽም?» አልኳት።

ጀበናውን አስቀመጠች። «አሳዝነኸኛል እንጂ። እኔንም አስረውኛል እኮ» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስትቀዳልኝ፣ በዚያ እጅ መቅዳትን መማር ነበረባት ብዬ አስቤ አላውቅም። «አብሽር፣ ሲኒህን ወዲህ በል» አለችኝ።

ያን ዕለት እርሳሱን አልነካችውም። በረካውን ጠጥተን ወጣን። ስንወርድ ጉም ነበር፤ ልጄ የመኪናው መስተዋት ላይ በጣቷ ትስላለች። በየትኛው እጇ እንደሆነ ዞሬ አላየሁም፤ ሐረጎ ላይ ዓይን ከመንገድ አይነሣም።