አሥራ ሁለት ሁሉ አሥራ ሁለት አይደለም

ቤተሰብ ያለው ሰው በዘመኑ ብዙ ነገር ይመርጣል። ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለቤቱ ጎረቤት፣ ለማሳው ዘር ይመርጣል። ስለ እነዚህ ሁሉ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ አድሮም ያስባል። ስለ መኪና ባትሪ ግን አድሮ የሚያስብ ማን ነው? እኔም አላሰብሁም ነበር። ባለማሰቤ የደረሰውን ነገር ለመናገር የተነሣሁት፣ ጉዳዩ ከብረትና ከአሲድ አልፎ ከሰው ሕይወት ጋራ የተያያዘ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የምኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ለብሶ ይታያል። ከአማቴ በውርስ ያገኘነው አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለን። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጉልበቱ ግን ያልደከመ መኪና ነው። በመንደራችን ሌላ መኪና ስላልነበረ ሙሽራውንም፣ ሕመምተኛውንም፣ አስከሬኑንም ሲያመላልስ ኖሯል። ንብረትነቱ የእኛ ይሁን እንጂ አገልግሎቱ የመንደሩ ነው ማለት ይቻላል።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር የቆየው ባትሪ ደከመ። ወደ ገበያ ወጥቼ አንድ ሱቅ ገባሁና የመኪና ባትሪ ጠየቅሁ። ባለ ሱቁ ሁለት አወጣልኝ። አንደኛው ትልቅና ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ሲሆን ዋጋው የትልቁ እኩሌታ ያህል ነው። በሁለቱም ላይ «12 ቮልት» የሚል ተጽፎአል። እኔም ፊዚክስ የቀመስሁ ሰው ነኝና፣ «ቮልቱ አንድ ከሆነ የትልቁ ትርፍ ሸክም ብቻ ነው» ብዬ በራሴ ጥበብ ተደሰትሁ፤ ትንሹንም ገዛሁ። ባለቤቴ «ለመሆኑ የሚያውቅ ሰው ጠየቅህ?» ብትለኝ፣ «አሥራ ሁለት ያው አሥራ ሁለት ነው» ብዬ መለስሁላት። መኪናው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ሲቀሰቀስ ያለ ችግር ይነሣ ስለ ነበረ፣ ለጥቂት ሳምንታት ትክክለኛ መሰልሁ።

ታኅሣሥ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነበር። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤ የመጀመሪያ ልጅዋ ነው። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና ቁልፉን አዞርሁ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። ደግሜ ባዞር የፊቱ መብራት እንደሚያልቅ ጧፍ ደከመ። ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር ላይ የአማትዋን እጅ ጨብጣ ታቃስታለች፤ አማትየዋም «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ጎረቤቶች ተጠርተው መጡ፤ አሥር የምንሆን ወንዶች መኪናውን እስከ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ ገፋነው። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን እየለቀቅሁ ሞከርሁ፤ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። በዚህ መካከል አርባ ደቂቃ አለፈ። ሆስፒታል እንደ ደረስን ሕፃኑ ተወለደ፤ እናቲቱ ግን ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት ሐኪሞቹ እስኪነጋ ሲደክሙላት አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁለቱም ተረፉ። ጎረቤቴ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣውም። ዝም ማለቱ ከተግሣጽ ሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ ባትሪውን አውጥቼ ባትሪ ወደሚሞላበት ቤት ወሰድሁት። ሠራተኛው ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርሁት ልጅ ሆኖ ተገኘ። በክፍል ሳለ በሒሳብ ደካማ ስለ ነበረ፣ በጓደኞቹ ፊት «አንተ ቁጥር አይገባህም» ብዬው ነበር። እርሱ ግን ብድግ ብሎ «መምህር፣ እንዴት አደሩ» አለና ወንበር አቀረበልኝ። የሆነውን ከሰማ በኋላ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ ሁለት እንስራ ውሃ በእኩል ከፍታ ላይ ቢቀመጥ፣ አፈ ጠባቡና አፈ ሰፊው በአንድ ጊዜ እኩል ያፈሳሉ?» የሚመለስ ቃል አጣሁ። ከፍታው ቮልቱ ነው፤ የእንስራው ትልቅነት በአምፔር ሰዓት የሚቆጠረው የባትሪው መጠን ነው፤ የአፉ ስፋት ደግሞ በአንድ አፍታ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። እኔ የገዛሁት 45 አምፔር ሰዓት ብቻ የሚይዝ፣ ለትንሽ የቤንዚን መኪና የተሠራ ባትሪ ነበር።

የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ ባወጣው ዘዴ መሠረት፣ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ናፍጣውም በዚያ ግለት በራሱ ይነዳል። እንደ እኛ ባለው ሞተር አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ይጨመቃል። ይህን ጭመቃ አሸንፎ ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ከ200 አምፔር በላይ ይስባል። ከእርሱም አስቀድሞ ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁት ዘንጎች የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። በብርድ ጊዜ ደግሞ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፤ ባትሪውም ውሃ በሚረጋበት ብርድ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። ሸክሙ በሚበዛበት ሰዓት ጉልበቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወዲያው ሌላ ባትሪ እንድገዛ ሳይሆን፣ «መጀመሪያ ሕመሙን እንወቅ» አለኝ። ባትሪውን ሞልቶ ካሳደረው በኋላ ለካው፤ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ይህ የጤነኛና የሙሉ ባትሪ ልክ ነው። ሞተሩን ባስነሣን ጊዜ ግን ከ9 ቮልት በታች ወረደ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው 14.1 ቮልት ሰጠ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ውስጥ ስለ ሆነ ዲናሞው ደኅና ነው። በመጨረሻ ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋራ የሚያገናኘውን ወፍራም ሽቦ ፈትቶ አሳየኝ፤ ጫፉ በአረንጓዴ ዝገት ተበልቶ ነበር። ይህ ሽቦ ሳይለወጥ ከሁሉ የበለጠ ባትሪ ብገዛ እንኳ ገንዘቤ በከንቱ በቀረ ነበር።

ከዚያም ምን እንደምገዛ በወረቀት ጻፈልኝ፤ ወረቀቱን ይዤ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድሁ። የተጻፈው ይህ ነበር። አንደኛ፣ 12 ቮልት ሆኖ ከ80 አምፔር ሰዓት ያላነሰ ይሁን። ሁለተኛ፣ በብርድ ጊዜ የማስነሣት ኃይሉን የሚገልጸው «ሲ ሲ ኤ» የተባለው ቁጥር ከ600 አይነስ፤ ይህ ቁጥር ባትሪው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ብርድ ለ30 ሴኮንድ ሊሰጥ የሚችለው አምፔር ነው። ሦስተኛ፣ ከመቀመጫው ጋራ ይስማማ። በጃፓን ሥርዓት በተጻፈው «95 ዲ 31 አር» በመሰለ ምልክት፣ የመጀመሪያው ቁጥር የኃይሉን ደረጃ፣ ፊደሉ የጎኑንና የቁመቱን ልክ፣ 31 ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው ወገን እንዳለ ያመለክታል። ይህ ከተዘነጋ ሽቦው አይደርስም፤ ተለዋውጦ ከታሰረም ዲናሞውን ያቃጥላል። አራተኛ፣ የተሠራበት ቀን ይታይ፤ ሳይሞላ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ወራት የቆየ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃልና።

ውሃ የማይጨመርበትን ልግዛ ወይስ ባለ ክዳኑን የሚለው ጥያቄም ነበረ። የማይከፈተው ድካም የለውም። እኔ ግን ባለ ክዳኑን መረጥሁ፤ መንገዳችን ኮረኮንች፣ መኪናው አሮጌ ስለ ሆነ፣ ውስጡን አይቶ የጎደለውን በተጣራ ውሃ መሙላት ይበጀኛል ብዬ ነው። የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው እንጂ አሲድ አይደለም፤ የሚጎድለው ውሃው ነውና። መኪናቸው ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡበት የሆነ ሰዎች ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይለውጡ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ከሠራው ጀምሮ፣ የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ሆድ ዕቃ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ግን እርሱ የመጨረሻ ይሁን። አሮጌውን ባትሪ በጓሮ አትጣሉት፤ አሲዱንም በመሬት ላይ አታፍስሱ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ቁራሌው ሲጠይቃችሁም ሳትሰብሩና ሳትከፍቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ስጡ።

ባትሪውን ይዤ በተመለስሁ ጊዜ፣ ያ ልጅ በእጁ አሰረልኝ። «ቁጥር አይገባህም ያልሁህን ታስታውሳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ «አስታውሳለሁ፣ መምህር» አለ። በሠራተኞቹ ፊት ይቅርታ ለመንሁት፤ የሰደብሁት በሰው ፊት ነበርና። ከዚያ ወዲህ በክፍሌ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ያ ባትሪ አምስት ዓመት አገልግሎ ሲደክም፣ በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛውን በዚያው ወረቀት መሠረት ገዛሁ። በዚያ ሌሊት የተወለደው ሕፃንም አድጎ ፊደል ቆጥሯል፤ መኪናውን ባጠብሁ ጊዜ ውሃ ያቀብለኛል። እኔም በውርጭ ወራት ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ወጥቼ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞራለሁ። ሞተሩ ወዲያው ሲነሣ የጎረቤቴ መስኮት ይከፈትና «እንደምን አመሸህ» ይለኛል። እኔም «ደኅና ነኝ፤ በማንኛውም ሰዓት አንኳኳ» እለዋለሁ።