ነዳጅ በጎርፍ የሚገባባት ኤቨንኪያ

በማዕከላዊ ሳይቤሪያ የምትገኘው የኤቨንኪያ ወረዳ 763 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ትሰፋለች፤ የኢትዮጵያን ሁለት ሦስተኛ ትሆናለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ቆጠራ በዚህ ሁሉ መሬት የተገኘው ሕዝብ 16,253 ብቻ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ያህል ደግሞ ነባሩ የኤቨንክ ሕዝብ ነው።

ቁጥሩን ያየ ባዶ ምድር ሊላት ይችላል። ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ደኑ የአዳኞችና የአጋዘን አርቢዎች መተዳደሪያ ነው። ኤቨንኮች አጋዘን ያልባሉ፤ ኮርቻ ጭነውም ይጋልባሉ። የአጋዘን ወገብ ክብደት ስለማይችል ኮርቻው የሚቀመጠው ትከሻው ላይ ነው፤ ጋላቢው ያለ እርካብ፣ በያዘው በትር ሚዛኑን እየጠበቀ ረግረጉን ያቋርጣል።

ዋና ከተማዋ ቱራ በ1927 የተቆረቆረችው የኮቼቹም ወንዝ ከታችኛው ቱንጉስካ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ባቡር አይደርስባትም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ የመኪና መንገድም የላትም። የጃንዋሪ ብርዷ በአማካይ ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ ገደማ ነው። በብርዱ ወራት በረዶ ላይ በተጠረገ መንገድ የጭነት መኪና ይገባል፤ ለማሞቂያና ለመብራት የሚሆነው ነዳጅ በብዛት የሚመጣው ግን በወንዝ ነው። በጸደይ በረዶው ሲሰበር ውኃው ከ20 ሜትር በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። መርከበኞቹ የሚጠብቁት ይህንኑ ጎርፍ ነው፤ በሌላ ጊዜ መንገድ የሚዘጋባቸውን ዓለት ያለብስላቸዋል። ከክራስኖያርስክ የተነሡት መርከቦች የኒሴይን ተከትለው ወደ ሰሜን ይወርዱና ቱንጉስካን ሽቅብ ይወጣሉ። ውኃው ሳይጎድል አራግፈው መመለስ አለባቸው።

ዓለም ኤቨንኪያን የሚያውቃት ግን በጁን 30 ቀን 1908 ማለዳ ነው። ከሰማይ የመጣ አካል አየር ላይ ፈንድቶ ከ2 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን ጣለ። ተመራማሪው ሌኦኒድ ኩሊክ በ1927 ሲደርስ ያገኘው ሥራቸውን ወደ መሃል አዙረው የተጋደሙ ዛፎችን፣ መሃሉ ላይም ቅርንጫፋቸው ተመልጦ የቆሙ ግንዶችን ነበር።

በሶቪየት ዘመን ተጠንስሶ በ2000ዎቹ እንደገና የተነሣ የግድብ ዕቅድ ታችኛው ቱንጉስካን ሊዘጋ ነበር። ቢሠራ ኖሮ ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት፣ የአደን ደንና መንደሮች ጭምር፣ ውኃ ይውጣቸው ነበር። ኤቨንኮች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ግድቡም አልተሠራም፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። በኤቨንኪያ ደቡብ ግን ነዳጅ ዘይት መውጣቱን ቀጥሏል፤ ከዚያው ከኩዩምባ ወደ ታይሼት የሚወስደው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ በ2017 ሥራ ጀምሯል። ቱራ ግን ነዳጇን ዛሬም ከመርከብ ትቀዳለች።