«መስኮቱን ዝጋው ልጄ!»

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በኮረኮንች መንገድ ስትሄዱ መኪናው ውስጥ አቧራ ቢሞላ ምን ታደርጋላችሁ? «መስኮት ከፍቼ አስወጣዋለሁ» ያላችሁ ካላችሁ እኔም የእናንተው ቢጤ ነበርኩ። ይቺ እውቀቴ ግን እናቴን ልታሳጣኝ ምንም አልቀራትም።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር ነው። እናቴ አስም አለባት። የእህቷ ልጅ ሰርግ ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ስለነበረ «ሳላየው አልቀርም!» ብላ ድርቅ አለች። እኔም የጓደኛዬን አሮጌ ላንድክሩዘር ለምኜ መሪ ጨበጥኩ። አስፋልቱ እስኪያልቅ ሳቅና ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ይጠብቀናል።

አስር ደቂቃ ሳንሄድ ከኋላ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይጨስ ጀመር። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «መስኮቱን ዝጋው ልጄ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አዋቂ አይደለሁ! «ታፍነን እንሙት እንዴ እማዬ? ይልቅ ይውጣ» ብዬ የጎኑንም የኋላውንም ብርግድ አደረግኩት።

ጭራሽ ባሰ። ትንፋሿ እንደ ፊሽካ ያፏጭ ጀመር። የምትስበውን መድኃኒት ከቦርሳዋ ስትፈልግ እጇ ሲንቀጠቀጥ ሳይ መኪናውን ዳር አስያዝኩ። መድኃኒቱን ስባ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ የቆየሁባትን ሩብ ሰዓት መቼም አልረሳትም።

ደግነቱ እዚያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽበታም ሾፌር እናቴን ጥላ ስር አስቀምጠው፣ ውሃ አስመጥተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አቧራውን እኮ የጠራኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲሮጥ አየሩን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ከኋላው ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጎማው ያስነሳው አቧራም እዚያው ይሽከረከራል። መስኮት ሲከፈት የውስጡ አየር ተስቦ ይወጣል። ያንን ለመተካት ደግሞ አቧራው በኋላ በር ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። በተለይ የኋላው መስኮት ሲከፈት የሚገባው አቧራ ብቻ አይደለም፤ የጭስ ማውጫው ጭስም ነው። እሱ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ሰው ይገድላል።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«መስኮቱን ሁሉ ዝጋ። ማራገቢያውን ከፍ አድርገህ የውጭ አየር እንዲያስገባ አድርገው። ከፊት የገባው አየር ውስጡን ሞልቶ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራው መግቢያ ያጣል። ከባድ መኪና ሲያልፍህ ብቻ ለአንድ አፍታ ወደ ውስጥ አየር አዙረህ መልሰው። የሰውን አቧራ ደግሞ አትከተል፤ ቆም ብለህ ይረፍልህ።»

ከዚያ ወረቀት አምጥተው በኋላው በር አጣብቀው ሳቡት። ያለ ምንም ችግር ተንሸራቶ ወጣ። የበሩ ላስቲክ ደርቆ ሞቷል ማለት ነው። ከወለሉም አንድ የላስቲክ ውታፍ ወልቆ መሬቱ ይታያል! ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈን፣ የኋላውን በር ዙሪያውን ከውጭ በሰፊ ፕላስተር ለጥፈን ተነሳን።

ታምናላችሁ? ሰርጉ ቤት ስንደርስ የእማዬ ነጠላ ነጭ ነበር። ጥቂት አቧራ መግባቱ አልቀረም፤ እሷ ግን አንዴም አላሳለችም። ስንመለስማ ተኝታ ነው የመጣችው።

እናንተም ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት የበሩን ላስቲክ በወረቀት ፈትኑ፤ የወለሉንም ቀዳዳ እዩ። የአስም በሽተኛ ከያዛችሁ መድኃኒቱ ከቦርሳ ሥር ሳይሆን በእጅ ይሁን።

ቤት ስንደርስ ይቅርታ ጠየቅኳት። «መኪና ነድተሽ አታውቂ፣ መስኮቱ መዘጋት እንዳለበት በምን አወቅሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ ስትከፍተው ትንፋሽ አጠረኝ፣ ስትዘጋው ተሻለኝ። ነገርኩህ፤ አልሰማህም።»

የኋላውን በር ላስቲክ በማግስቱ አስቀየርኩ። የእኔን ጆሮ ማስቀየሪያ ጋራዥ ግን እስካሁን አላገኘሁም።