ባለቤቴን ቴአትር ቤት ውስጥ አገኘኋት

ርእሱን አይታችሁ «ከማን ጋር?» ለማለት እንዳትቸኩሉ። ከእኔው ጋር ነው! አብረን ገብተን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ያገኘኋት። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ሦስት ጉልቻ ከመሠረትን ሦስት ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሲቀረው፣ የእኔና የባለቤቴ ወሬ አራት ጥያቄ ሆኖ ቀርቶ ነበር። «ውኃ መጣ?» «የመብራት ካርድ ተሞላ?» «ልጁ በላ?» «በሩ ተቆለፈ?» በቃ! ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም። ጎረቤት ቢጠየቅ «እንደነሱ የተስማማ የለም» ነው የሚለው። እሁድ ሲሆን እኔ ድራፍቴን ይዤ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ አያለሁ፤ እሷ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ያገኘሁትን ቤቴ አስገባለሁ፣ እጄን አላነሳም፣ ውጭ አላድርም... ከባል ሌላ ምን ይፈለጋል? ስል ነበር።

ታዲያላችሁ ከፋሲካ በኋላ ባለች አንዲት እሁድ ጓደኞቼ ለሰርግ ክፍለ ሀገር ወረዱና ብቻዬን ቀረሁ። እጮኛሞች ሳለን ፒያሳ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር እንገባ እንደነበር ትዝ አለኝና «ዛሬ ቴአትር ብንገባስ?» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝና «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ሚስት «እንውጣ» ስትባል መጀመሪያ የሚመጣላት ጥርጣሬ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ልጁን እናቷ ጋ አድርሰን፣ ለገሃር ከታክሲ ወርደን፣ በእግራችን ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወጣን። እዚያ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ስንቱ ፍቅረኛ «አንበሳው ጋ ጠብቂኝ» ተባብሏል! አንበሳውና ቴአትር ቤቱ እኩያ ናቸው፤ ሁለቱም በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል የደረሱ። ሕንፃው ግን ቀደም ብሎ በጣሊያን ጊዜ ለሲኒማ ቤት ተብሎ የተጀመረ ነበር። ሲመረቅ የታየው ቴአትር የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው፤ ንጉሡ የወታደሩን ሚስት የወሰደበት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ። እንግዲህ ይህ ቤት በሩን የከፈተው በትዳር ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ለሁለት ትኬት የከፈልኩት እሁድ እሁድ ለድራፍት ከማወጣው አይበልጥም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ። መድረኩ ላይ አንድ ባል ከሥራ ገባ። ኮቱን ወረወረና ጋዜጣውን ዘርግቶ «ራት ቀረበ?» አለ። ሚስቱ «ዛሬ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር» ስትለው ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ጥሩ ነው» አላት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ። ዞር ስል ባለቤቴ አልሳቀችም።

ኋላ ላይ ግን ነገረኛዋ አክስት መድረኩ ላይ ስትወጣ ሳቀች። ምን ዓይነት ሳቅ! አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ... እኔን ያንበረከከኝ ሳቅ! ለካ እቤታችን ከጠፋ ዓመት አልፎታል። መጥፋቱን ያወቅሁት ገና ሲመለስ ነው።

ስንወጣ መሽቷል። እንደ ልማዴ ወደ ታክሲ ልሮጥ ስል «በእግር እንሂድ» አለች። ጥቂት እንደሄድን «ያ ሰውዬ እኮ ሚስቱን አይጠላትም። አያያትም እንጂ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ቀጠለችና «ከፋሲካ በፊት ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። በዓሉ ይለፍ ብላ ያቆየችኝ እናቴ ናት» አለች።

ጉልበቴ ከዳኝ። ሻንጣው አልጋችን ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫማዬን የምስበው ከዚያው ሥር ነው። አላየሁትም!

የዚያን ማታ ለገሃርን አልፈን ብዙ ሄድን። ተናገረች፣ ሰማሁ። ውኃም ካርድም አልተነሣም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዕለት ሻንጣውን አልፈታችውም። የፈታችው ከሦስት እሁድ በኋላ ነው፤ እኔም አልቸኮልኩባት።

ቴአትር ትዳር ያድናል ልላችሁ አይደለም። ግን ሁለት ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ ሊናገረው ያልደፈረውን፣ የሌላ ሰው ታሪክ ሆኖ ፊቱ ሲቆም ማንሳት ይቀለዋል። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ምክሬ ይኼ ነው። ስትወጡ ለታክሲ አትጋፉ። «የቱ ደስ አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አክስቲቱ ምንም ብታስቅ ደግሞ «እናትሽን ትመስላለች» እንዳትሉ!

ገንዘብ ከሌለም በእግር መሄድ ነፃ ነው። ብቻ ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ፣ እስቲ አልጋችሁ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ቸር ይግጠመን!